ወፍ የማንም ዘመድ አይደለችም

«አንቺን አይደለም ጓለይ፤ ዘርሽን ነው የፈራሁት።»

ይህን ያሉኝ ላገባው የነበረው ልጅ እናት ናቸው፤ ኣደይ ምሕረት። መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ ባለው ቤታቸው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ። እጮኛዬ ክብሮም ከጎናቸው ሆኖ ስልኩን ያገላብጣል። እናቴ ከኔ ጎን ናት። ኣደይ በትግርኛ እናቴ፣ ጓለይ ደግሞ ልጄ ማለት ነው። ቃሉ ደግ ነው፣ ሴትዮዋም ክፉ አይደሉም፤ ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ድምፃቸውም የክፉ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ወደዚያ ሳሎን እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዐይኔ ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው ዐይኑ ቢጫ እየሆነ መልሶ የሚነጣ ልጅ ቤቱ ላለ ሰው ነው። ሌላው ቢያነበውም ባያነበውም ግድ የለኝም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዐይኔ አንዳንዴ ቢጫ ይሆናል። ጉንፋን ሲይዘኝ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ጾሙ ሲበረታብኝ ይመጣል፤ ከዚያ ይሄዳል። እቤት ስሙ የታወቀ ነበር። አማርኛው የወፍ በሽታ ይለዋል፣ ትግርኛው ዑፍ ይለዋል፣ ነገሩ አንድ ነው። የሌሊት ወፍ በላይህ ካለፈች ዐይንህ ቢጫ ይሆናል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ከከተማ ወጣ ብለው ያሉ አንድ ሽማግሌ ቅጠል ጨምቀው በአፍንጫህ ያንጠባጥቡልሃል፤ ቢጫ ውሃ ይወርዳል፤ «ይኸው ወጣ» ይሉሃል። ካልወጣ ክንድህን በጋለ ብረት ይተኩሱታል። እኔ ግራ ክንዴ ላይ ጠባሳ አለኝ። የእናቴ ወንድም፣ ኣኮይ ግደይ፣ በሁለቱም ክንዱ ላይ ነበረው። የሱ ዐይን እንደኔ እየመጣ የሚሄድ አልነበረም፤ ሁልጊዜ ቢጫ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ሰፈሩ «ግደይ ዑፍ» ብሎ ስም አወጣለት። እሱ ምን አደረገ? ባጃጁ ጀርባ ላይ ትልቅ ወፍ አሣለ።

እቤታችን ሁለት ቋንቋ ነው። እናቴ ለተብርሃን የመቐለ ልጅ ናት። አባቴ ከወሎ በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቶ፣ መኪናው ተበላሽቶ ሊያሠራ ቆሞ፣ እዚሁ መካኒክ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። «መኪናው ተጠግኖ ሄደ፤ እኔ ነኝ ያልተጠገንኩት» ይላል እናቴን እያየ። አማርኛዬ የሱ ነው። ሰፊው ግንባሬም የሱ ነው። ነገር ሳላበስል የምናገረው ከማን እንደመጣ ግን ሁለቱም የኔ ነው አይሉም። አንድ ልጃቸው ነኝ፤ ሌላ የሚያመሳክሩበት የላቸውም።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ዘር ውርስ ተማርን። አንድ መነኩሴ ቢጫ አተርና አረንጓዴ አተር ሲያዳቅል፣ የተገኙት ሁሉ ቢጫ ሆኑ። ሁለቱ መልኮች ሲገናኙ አንዱ ጎልቶ ይወጣል፣ ሌላው ይደበቃል። የሚጎላው በትልቅ ፊደል ይጻፋል፣ የሚደበቀው በትንሽ። አራት ክፍል ያለው ሳጥን እየሣልኩ ስሸመድድ ኣኮይ ግደይ ከጎኔ ነበር፤ እንደ ልማዱ ቀኝ ጎኑን በእጁ ደግፎ።

«ምንድን ነው የምትሥዪው? ዳማ ነው?»

«አተር ነው ኣኮይ። ቢጫና አረንጓዴ ሲዳቀሉ ማን እንደሚያሸንፍ ነው።»

«ማን አሸነፈ?»

«ቢጫው።»

«እልል በዪ እንግዲህ!» አለና በጣቱ የዐይኑን ቆብ ወደ ታች ስቦ ቢጫ ዐይኑን አሳየኝ። «አሸናፊው ይኸውልሽ።»

ሳቅንና መጽሐፉን ዘጋሁት። በማግስቱ ፈተናው ላይ ወደ ሙሉ የተጠጋ ውጤት አገኘሁ። የአተሩን ዘር እስከ ልጅ ልጁ አውቀዋለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ዐይን ግን ከእናቴ ዐይን፣ የእናቴንም ከኔ ጋር አንድ ላይ አድርጌ አላየሁትም። መምህሩም አተርና የጥንቸል ጠጉር እንጂ የሰው ዐይን አልነገረንም። ወፍ እኮ ነው። ወፍና አተር ምን ያገናኛቸዋል?

ኣኮይ ግደይ የሞተው መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ነው። ቀኝ ጎኑን ይዞ ተጣጥፎ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ዐይኑ የእንቁላል አስኳል መስሎ። ቅጠሉን አመጡለት። ለቀስተኛው ሲጠይቅ እናቴ «ወፍ በላብኝ» አለች። ሁሉም ገባው። ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ዐሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ውጤት አልመጣልኝም፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ገባሁ። ሥራዬ ሸሚዝ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ማውጣት ነበር። ማሽኑ ይወርዳል፣ ቀዳዳው ይወጣል፣ ቀጥሎ ያለችው ልጅ ቁልፉን ትተክላለች። ሥራውን እወደው ነበር ብል ውሸት ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ክብሮምን ያወቅኩት ግን እዚያው ነው፤ ማሽን ሲበላሽ የሚጠግን ልጅ ነበር። የኔ ማሽን ከሌላው በላይ ይበላሽ ነበር። ሁልጊዜ በራሱ አይደለም።

ሕመሙ የጀመረኝ የዐቢይ ጾም ተፈትቶ ሥጋ በበላን ሰሞን ነው። ከቀኝ ጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፤ እስከ ትከሻዬ ድረስ ወጣ፣ አስመለሰኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ። እናቴ «ከጾም ወጥተሽ ሥጋ ላይ ስለወደቅሽ ነው» አለች። በሌላ ሳምንት ሥጋ ሳልበላም መጣ። ሽንቴ ጠቆረ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከኔ ቀድሞ ይሮጣል። ዐይኔ ቢጫ ሆነና በዚህ ጊዜ አልሄድ አለ። ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዬ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትሪውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እቤት ሕፃን አለኝ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም ብዬ ተቀየምኳት።

ክሊኒክ መዞር ጀመርን። የመጀመሪያው ጨጓራ ነው አለ። የሚዋጥ ሰጠኝ። ሁለተኛው ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለ፤ እዚህ ከተማ ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ገና ክሊኒክ ያልሄደ ነው። መርፌውን ተወግቼ ጨረስኩ። ሦስተኛው ዐይኔን አየና ጉበት ነው አለ። የጉበት ቫይረስ ምርመራ አደረጉልኝ፤ የለም አለ። ደገሙት፤ አሁንም የለም አለ። «ቢሆንም ጉበት ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ» አሉን። ይህች «ቢሆንም» የምትባል ቃል ቤታችንን አመሰችው። ዕቃዬ ተለየ። እናቴ እንዳይሳሳት ብላ ኩባያዬ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰረች። እያለቀሰች ነው ያሰረችው፤ ግን አሰረችው። አባቴ ከሥራ ሲገባ ክሩን አየ፣ ኩባያውን አንስቶ የተረፈኝን ሻይ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ እብድ ነህ?» አለችው።

«ስኳር አንሶታል» አላት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከኔ ኩባያ ይጠጣ ነበር። ይህን የማስታውሰው ሕመሙን ከማስታውሰው በላይ ነው።

ስለ ወጪው አልጽፍም። ያወጣ ያውቀዋል። ስለ ፍርሃቱም ብዙ አልልም፤ ማታ ማታ ጎኔን ዳብሼ ነበር የምተኛው፣ ኣኮይ ግደይ እንደዚያ ይደግፈው የነበረውን ጎን።

በየደረስንበት ሐኪም አንድ ጥያቄ ነበር። «በቤተሰባችሁ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ?» ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ይጠይቃል፤ እናቴ እኔ አፌን ሳልከፍት ነጠላዋን ታስተካክልና «የለም!» ትላለች። «ዘራችን ንጹሕ ነው ዶክተር።» ሐኪሙ የለም ብሎ ይጽፋል። እንቀጥላለን።

እናቴ ዋሽታ አልነበረም፤ ይህን የምላችሁ ቆይቶ ገብቶኝ ነው። ዘር የሚባለው ቃል ለሐኪሙ ሌላ ነው፣ ለእናቴ ሌላ። ለእናቴ ዘር ማለት ለጋብቻ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የሚጠየቀው ነው። «በዘራቸው እንዲህ ያለ ነገር አለ» የተባለ ቤት ሴት ልጁ ቆማ ትቀራለች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ያ ቃል ከዚህም ብሶ ከብዷል፤ እንደኛ ባለ ከሁለት ወገን በተሠራ ቤት ውስጥ ዘር የሚለውን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ወፍ ግን ከሰማይ ነው የምትመጣው። ማንም አልጠራትም፣ ከማንም አልተወለደችም። ወፍ የማንም ዘመድ አይደለችም። ስለዚህ ዘር ሲሏት የለም አለች፤ ስለ ወፍ ደግሞ የጠየቃት አልነበረም።

አንድ ቀን ማሽኑ ፊት ወደቅኩ። ትኩሳት ነበረኝ፣ ጎኔን መንካት አይቻልም። ክብሮም ነው አቅፎ ያወጣኝ፤ ይህን አልክድበትም። ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። መጠበቂያው ሙሉ ነበር። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነሥተው «ተኚበት ጓለይ፤ እኔ ዘበኛ ነበርኩ፣ መቆም ለምጃለሁ» አሉኝ። የሳቸው ተራ ደርሶ ሲገቡም በትራቸውን አግዳሚው ላይ ትተውልኝ ነው የገቡት፤ ቦታውን ሌላ ሰው እንዳይዝብኝ።

የተቀበለችኝ ዶክተር ከኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ሆዴን በአልትራሳውንድ አየች። የሐሞት ከረጢቴ በጠጠር ተሞልቷል። ጣፊያዬ ከልኩ በላይ አብጧል። «ይህን ያህል ጠጠር በዚህ ዕድሜ?» አለች ለራሷ። ካርዴን ገለበጠች፤ በዘር የሚተላለፍ የለም፣ የለም፣ የለም። ከዚያ ካርዱን አስቀምጣ፣ ወንበሯን ወደ እናቴ ስባ፣ በትግርኛ ጠየቀቻት።

«ኣደይ፣ እቤታችሁ ዑፍ የያዘው ሰው ነበር?»

«እወ!» አለች እናቴ፣ ምን አስጠየቀሽ በሚል ድምፅ። «ወንድሜ ግደይ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በሱ ነው የሞተው። እናታችንም ነበረባት። እኔም ልጅ ሆኜ ይዞኝ ያውቃል፣ አሁንም ስደክም ይመጣብኛል። የኛን ቤት ወፍ ትወደዋለች።»

እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ጣሪያውን አየሁ። አያቴ። እናቴ። አጎቴ። እኔ። አራት ክፍል ያለው ሳጥን። በስንት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን የለም ያልነው ነገር በአንድ ቃል ለውጥ ውልቅ ብሎ ወጣ።

ደማችንን ወሰዱ፤ የኔን፣ የእናቴን፣ የአባቴን። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ሥራዬን ጠይቃኝ ነበርና በሱ አስረዳችኝ። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ የሚተጣጠፍ። ጣፊያ ውስጥ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያሉ ጠባብ መንገዶች አሉ፤ ሴሉ ታጥፎ ያልፋል። የኔ ሴል ግን ክብ ነው፣ እንደ ዶቃ። ዶቃ በቁልፍ ቀዳዳ አያልፍም። ስለዚህ ጣፊያ ያዘውና ይሰባብረዋል። ደም የሚያንሰኝ ለዚህ ነው። ከተሰባበረው የሚወጣው ቢጫ ነገር ዐይኔ ላይ ይታያል፣ ሐሞቴ ውስጥም ተጠራቅሞ ጠጠር ይሆናል። ጉበቴ ምንም አልሆነም። ለማንም አላጋባም። ቀይ ክሩ በከንቱ ነበር።

«የእናትሽም ሴል እንዳንቺው ነው፣ ግን ቀለል ያለ ነው፤ ሰውነቷ ተሸክሞታል። የአባትሽ ደህና ነው» አለች። «እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት አድርገን ነው የምንወርሰው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ለዚህኛው አንዱ ብቻ መሳሳቱ ይበቃል። እናትሽ አንድ ደህና አንድ የተሳሳተ አላት። የምታወርሰው አንዱን ነው፤ የትኛውን እንደሆነ መርጣ አይደለም። እንደ ሳንቲም ነው። አንቺም ስትወልጂ ለያንዳንዱ ልጅ ሳንቲሙ እንደ አዲስ ይወረወራል፤ በፊት ምን እንደወጣ አያስታውስም።»

እኔ ሳንቲሙን ሳይሆን ፓተርኑን ነው ያሰብኩት። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ የሚቆረጠው በካርቶን ልኬት ነው፤ ፓተርን እንለዋለን። ፓተርኑ ጠርዙ ላይ ከተሳሳተ ከሱ የተቆረጠው ሁሉ ስሕተቱን ይዞ ይወጣል። ቢያጥቡት አይለቅም፤ ቆሻሻ አይደለማ። የሰፋችውም አላጠፋችም። ይህን ለእናቴ ልነግራት ዞር ስል ፊቷ ተለውጧል።

«ዘር ነው ያልሽው?» አለች ዶክተሯን።

«አዎ ኣደይ፣ በዘር የሚመጣ ነው።»

«ወፍ ብለሽ ጠይቀሽኝ ዘር ነው ትይኛለሽ?» ብላ ተነሣች። «አታለልሽኝ!» በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

አባቴና እኔ ኮሪደሩ ላይ ስንደርስባት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። አባቴ አጠገቧ ቆመ። «ለተ፣ ሰው ሲጠይቅሽ በኔ በኩል ነው በያቸው» አላት።

«አባዬ፣ ያንተ ደም ደህና ነው እኮ» አልኩት።

«ደሜን ማን ያየዋል? እዚህ ከተማ ውስጥ የኔን አያት የሚያውቅ አንድ ሰው ጥሪ። የሷን ሰባት ቤት ግን ማኅበሩ ሁሉ በቃሉ ነው የሚቆጥረው። እኔ ላይ ቢወድቅ ማንን ይጎዳል?»

እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። እኔ ልናገር ስል በዐይኑ ከለከለኝ። «እናትሽን ሰው ፊት አታዋርጃትም። ቃል ግቢልኝ።» ገባሁለት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የተገባ ቃል ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ሳያስቡበት ነው የሚገባው።

ቀዶ ሕክምናው ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ተደረገልኝ። የሐሞት ከረጢቴን ከነጠጠሩ፣ ጣፊያዬንም አወጡት። ቀድመው ክትባት ሰጥተውኛል፤ ጣፊያ ከጀርም የሚከላከል ሥራም ስላለው፣ እሱ የሌለው ሰው ትንሽ ትኩሳት እንኳ ቢሰማው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ይህን የሚያነብ ካለ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብባት። ለሁሉም ሰው ጣፊያ ይውጣ ማለትም አይደለም፤ እንደ እናቴ ክትትል ብቻ የሚበቃው ብዙ ነው። ስነቃ ሆዴ እንደተሰፋ ጆንያ ነበር። አባቴ ራስጌዬ ተቀምጧል። «ከንግዲህ ሩጫ አትወዳደሩኝ በያቸው» አለኝ። «ጣፊያ የሚወጋው ያለውን ሰው ነው።» ስስቅ ስፌቱ አመመኝና ሰደብኩት።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መስተዋት አየሁ። ዐይኔ ነጭ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ። እንግዳ ሰው ያየሁ መሰለኝ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከኔ ጋር ነው የሚወጣው። ሰው እንዲህ ሆኖ ነው እንዴ የሚኖረው? ሰው ሁሉ ይህን ያህል ጉልበት ነበረው? ደስታው ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆየልኝም። ኣኮይ ግደይ መጣብኝ። የዚያን ሰሞን መድኃኒት አልነበረም፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በፊት ዓመታት ነበሩ። ሆስፒታሉ ክፍት የነበረበት፣ ባጃጁን በሩ ላይ እያቆመ ሰው ያወርድበት የነበረ ዓመታት። በሽተኛ እያመላለሰ በዚያ በር ስንቴ አለፈ! አንድ ሰው አንድ ጊዜ በትክክለኛው ቃል ጠይቆን ቢሆን። እኔ ያንን መጽሐፍ አንድ ገጽ ዘግይቼ ዘግቼው ቢሆን። እንዲህ እያልኩ ነው ያገገምኩት። ሐኪሞቹ በደንብ እያገገመች ነው ሲሉ እሰማቸዋለሁ።

ክብሮም እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከእናቴ መሆኑን ብቻ ትቼ። በወረቀት ላይ ሣልኩለት። «ለያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው። ሲወለድ ደሙ ይታያል፣ ከተገኘበት ይከታተላል፣ አይሞትም። እኔን ያስመረረኝ ሳይታወቅ መቆየቱ ነው።» ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ችግር የለውም ፍሬ» አለኝ። ፍረወይኒ ነው ስሜ፣ ፍሬ ይለኛል። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ታማ ነበር አሉ፣ ምን ነበር ብለው ጠየቁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «የኔ ነው። ከኔ ወገን የመጣ ነው» አለ። እናቴ ውሃ ልታመጣ ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውሃው ቆየ።

በሳምንቱ ኣደይ ምሕረት እናቴንና እኔን ብቻ ጠሩን። ያ ነው የጀመርኩላችሁ ቀን።

«አንቺን አይደለም ጓለይ፤ ዘርሽን ነው የፈራሁት» አሉኝና ወደ እናቴ ዞሩ። «ሽማግሌዎቹ ነግረውኛል። በአባትየው ነው አሉ። እሱስ ምን ያድርግ፤ ሰው አገሩን ጥሎ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ሰባት ቤቱን የሚቆጥርለት የለ።»

«አባቴ ይዞ የመጣው ካቻቪቴ ነው» አልኳቸው። «ሠፈራችሁ ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ በሱ ነው የተፈታው።»

እናቴ ጉልበቴን ያዘችኝ። ዝም በዪ ማለቷ ነው። ቃል ገብቻለሁና ዝም አልኩ። ጥርሴ አመመኝ።

«አትቆጪ ጓለይ። እኔም ልጅ አለኝ፣ የልጅ ልጅ ማየት እፈልጋለሁ፣ ያ ብቻ ነው» አሉና እንደገና እናቴን አዩዋት። «በናንተ በኩል ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አይደል ለተ? እኔ የማውቀው ቤት ነው። እንዲያው ካፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ቀጥሎ ምን እንደምትል አውቅ ነበር። በየሐኪሙ ጠረጴዛ ፊት እንደዚያው አድርጋ ነው የምትለው።

«አለ» አለች።

ኣደይ ምሕረት ያልሰሙ መስለው ጠጋ አሉ።

«የኔ ነው። ከሱ አይደለም፣ የሱ ደም ንጹሕ ነው፤ እኔን ሊሸፍን ነው እንዲያ ያለው። እናቴ ነበረባት። እኔም አለብኝ። ግደይ በሱ ነው የሞተው።»

«ግደይን ወፍ በላብኝ አላልሽኝም?» አሉ ኣደይ ምሕረት። «ለቅሶ ተቀምጬልሻለሁ እኮ ለተ። አብሬሽ አልቅሻለሁ።»

«ወፍ ነው ያልኩሽ። ወፍ አይደለም። ዘሬ ነው።»

ክብሮም ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አየሁት፤ ወረቀቱን ሥዬ የሰጠሁት እሱ ነው፣ ግማሽ በግማሽ መሆኑን ያውቃል፣ እንደማይገድል ያውቃል። አፉን ከፈተ። እናቱን አየ። መልሶ ዘጋው።

«የቀረበላችሁን ጭማቂ እንኳ አልቀመሳችሁትም» አሉ ኣደይ ምሕረት፣ ቀስ ብለው።

እናቴ ለመነሣት ጉልበቷን ደገፈች። ክንዷን ያዝኩላት። ከትከሻዋ የወደቀውን ነጠላ ከሶፋው ላይ አንሥቼ አለበስኳት፤ በሩ ሥር ያወለቅነውን ጫማችንን አድርገን ወጣን።